የሴቶች የፊት ቆዳ ከዕድሜ ጋር የሚያሳየውን ለውጥ ናሙና ሳይቆረጥ ለማጥናት፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «በአዲስ አበባ የቆዳ ሕክምና ስፔሻሊቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 70 ዓመት የሆኑ ሴቶች የፊት ቆዳ ከዕድሜ ጋር እንዴት እንደሚለወጥ ማየት እፈልጋለሁ። ከጤነኛ ሰው ፊት ላይ ናሙና መቁረጥ ስለማይቻል በምስል ብቻ ነው የምሠራው። ባለ 20 ሜጋኸርዝ የቆዳ አልትራሳውንድና ጥሩ ካሜራ አሉኝ፤ ኦሲቲ ወይም ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት በውሰት ሊመጣልኝ ይችላል። የትኛውን ልምረጥ? ምንስ ልለካ?»

መልሴን ከመሣሪያው አልጀምርም፤ በዚህ ዘርፍ ሲበላሹ ያየኋቸው ጥናቶች በአብዛኛው የተበላሹት በመሣሪያ እጦት ሳይሆን፣ ምስሉ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ሳይታሰብበት ሥራው በመጀመሩ ነው። አንዲት የ60 ዓመት ሴት ጉንጭ ላይ መሣሪያ ሲያሳርፉ የሚያዩት 60 ዓመትን ብቻ አይደለም። ገበያ ስትወጣና ስትገባ የመታት ፀሐይ፣ ምጣድ ፊት የተቀመጠችባቸው ጠዋቶች ጭስ፣ ካረጠች ወዲህ የቀነሰው ኤስትሮጅን፣ ከጎረቤት ተውሳ የተቀባችው ክሬም፣ ሁሉም በዚያች በጥቂት ሚሊሜትር ቆዳ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። የትኛውም መሣሪያ እነዚህን ነጣጥሎ አያሳይም፤ የሚነጣጥላቸው የጥናቱ አወቃቀር ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክርዎ፣ በእያንዳንዷ ተሳታፊ ላይ ከፊቷ በተጨማሪ ፀሐይ የማያገኘውን የላይኛ ክንዷን የውስጥ ገጽ በዚያው ቀን፣ በዚያው መሣሪያ እንዲለኩ ነው። ክንዱ የተፈጥሮውን እርጅና ያሳይዎታል፤ ፊቱ የተፈጥሮውንም ከውጭ የመጣውንም አንድ ላይ ይዟል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጉንጭ ቆዳና የክንድ ቆዳ በ20 ዓመቷ ልጅ ላይም አንድ አይደሉም፤ ጉንጭ በወዝ ዕጢዎች የተሞላ ነው፣ የደም ሥሩም ይበዛል። ስለዚህ የሚነጻጸረው የሁለቱ ቦታዎች ልኬት በራሱ ሳይሆን ልኬቱ ከዕድሜ ጋር የሚለወጥበት ፍጥነት ነው። በክንዱ ላይ ከዓመት ዓመት የሚታየው ለውጥ አዝጋሚ ሆኖ በጉንጩ ላይ የፈጠነ ከሆነ፣ የልዩነቱ መጠን ለፀሐይና ለመሰል ነገሮች የሚሰጥ ድርሻ ይሆናል። ከጆሮ ጀርባ ያለው ቆዳ ለፊት ይበልጥ የሚቀርብ መስሎ ሊታይዎት ይችላል፤ ነገር ግን ቦታው ጠባብና ጎርበጥባጣ ስለሆነ ፕሮቡን (ቆዳው ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንዱን እጀታ) ደልደል አድርጎ ማስቀመጥ ያስቸግራል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ። በእጅዎ ያለው አልትራሳውንድ ለዋናው ጥናት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። የቆዳ አልትራሳውንድ ከሆድ ዕቃ አልትራሳውንድ የሚለየው ድምፁ እጅግ ከፍ ባለ ድግግሞሽ ስለሚላክ ነው፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ መጠን ጥልቀት ይቀንሳል፣ የምስሉ ጥራት ግን ይጨምራል። በ20 ሜጋኸርዝ ከ5 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ ስለሚታይ ደርሚስ (ከላይኛው ስስ ሽፋን ቀጥሎ ያለው ወፍራም የቆዳ ንጣፍ) በሙሉና ከሥሩ ያለው ስብ ምስሉ ውስጥ ይገባሉ። መሣሪያው የሚሠራው በማሚቶ ነው፤ የተላከው ድምፅ በአወቃቀር የሚለያዩ ነገሮች ድንበር ላይ ሲደርስ ይመለሳል፣ የተመለሰው ማሚቶ በስክሪኑ ላይ ብርሃን ይሆናል።

የአንዲት የ25 ዓመት ሴት የክንድ ምስል ሲያዩ ከላይ ደማቅ ነጭ መስመር፣ ከሥሩ ወጥ በሆነ መልኩ የደመቀ የኮላጅን (ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጡት ክሮች) ንጣፍ፣ ከዚያ በታች ጥቁር የስብ ክፍል ያገኛሉ። ያንን የላይኛውን መስመር የኤፒደርሚስ (የላይኛው ስስ የቆዳ ሽፋን) ውፍረት ነው ብለው እንዳይለኩት፤ ድምፁ እንዲያልፍ የሚቀባው ጄልና ቆዳው የሚገናኙበት ድንበር የሰጠው ማሚቶ ነው፣ የፊት ኤፒደርሚስ ራሱ ከ0.1 ሚሊሜትር ስለማይበልጥ በዚህ መሣሪያ ተለይቶ አይለካም። አሁን የአንዲት ዕድሜዋን ደጅ ሥራ ላይ ያሳለፈች የ60 ዓመት ሴት ጉንጭ ይመልከቱ። ከነጩ መስመር ቀጥሎ፣ ከኮላጅኑ በላይ፣ ማሚቶ የማይሰጥ ጠቆር ያለ ቀበቶ ገብቶ ታገኙታላችሁ፤ ሁለት ጨርቅ መካከል የተነጠፈ እርጥብ ስፖንጅ ይመስላል። ይህን ቀበቶ እነ ዠን ደ ሪጋል በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ ከቆዳ እርጅና ጋር አያይዘው ገልጸውታል። ፀሐይ ያበላሸው የኤላስቲን (ቆዳ ሲሳብ ወደ ቦታው የሚመልሱት ክሮች) ክምችትና ውኃ የሚይዙ ንጥረ ነገሮች የኮላጅኑን ሥርዓት ስለሚያፈርሱ ድምፁ የሚመለስበት ድንበር ያጣል፤ ቀበቶው የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ በማያገኘው ቆዳ ላይ ቀበቶው ደካማ ነው፣ ወይም ጭራሽ የለም። እንግዲህ ጉንጭና ክንድን አብሮ መለካት የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ የሁለቱን ምስል ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ቁጥር ሳይሰላ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ዋናው መለኪያዎ ይህ ቀበቶ ይሁን እንጂ የደርሚስ ጠቅላላ ውፍረት አይሁን። ፀሐይ የጎዳው የፊት ቆዳ በአንድ በኩል ኮላጅን ሲያጣ በሌላ በኩል የተበላሸ ኤላስቲን ስለሚከማችበት፣ ውፍረቱ በአንዱ ጥናት ሲቀንስ በሌላው ሲጨምር ወይም ባለበት ሲቆይ ይነበባል። ለቀበቶው የተለመደው አሠራር እያንዳንዱን ፒክስል ከ0 እስከ 255 ባለው የድምቀት ልክ አስቀምጦ ከ0 እስከ 30 ያሉትን በላይኛው የደርሚስ ክፍልና በታችኛው ለየብቻ መቁጠር ነው። ይህ ግን የሚያስኬደው የመሣሪያው የድምፅ ማጉያ ልክ ከመጀመሪያዋ ሴት እስከ መጨረሻዋ ሳይነካ ከቆየ ብቻ ነው። ምስሉ ደብዘዝ ሲል ማጉያውን ከፍ ማድረግ የሠራተኛ ሁሉ ልማድ ነው፤ ቁልፉን በፕላስተር ይሸፍኑት።

ከራሴ ልናገር። በጀማሪነቴ ዘመን የሁለት የዕድሜ ክፍል ሴቶችን የፊት ቆዳ ለካሁ፤ ወጣቶቹን እኔ፣ በዕድሜ የገፉትን የሥራ ባልደረባዬ። ያረጀው ቆዳ ሳሳ ብሎ ተገኘና ደስ ብሎን ነበር። በኋላ አንድ አዛውንት መምህር ቀርበው እጃችንን ሲያዩ ባልደረባዬ ፕሮቡን ከእኔ ይልቅ ጫን እንደሚያደርገው ታወቀ፤ የለካነው የእጃችንን ክብደት ነበር፣ የስድስት ወር ሥራም ውኃ በላው። ጄሉን ወፈር አድርገው ይቀቡ፣ ፕሮቡ ጄሉ ላይ ይንሳፈፍ እንጂ ቆዳውን አይንካ፤ በምስሉ ላይ ከቆዳው በላይ ጥቁር የጄል ንጣፍ ካልታየዎት ምስሉን ይጣሉት። ልኬቱን የሚወስደው ሰው አንድ ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ ደግሞ ወጣትና አረጋዊት ለሁለቱም በዕጣ ይደልደሉ።

የሰዓቱም ነገር ቀላል አይደለም። ሌሊት ተኝተን ስናድር ውኃ ወደ ፊት ይመጣል፣ ቀን ቆመን ስንውል ወደ እግር ይወርዳል፤ የቀበቶው ጥቁረት በውኃ ስለሚለዋወጥ ጠዋት የተለካች አሮጊትና ከሰዓት በኋላ የተለካች ወጣት አይነጻጸሩም። ሁሉንም በአንድ የሰዓት ክልል፣ ፊታቸውን በለብታ ውኃ ታጥበው ቢያንስ 20 ደቂቃ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ ካረፉ በኋላ፣ ሁሉንም ተቀምጠው ወይም ሁሉንም ተጋድመው ይለኩ። የጉንጩን ቦታ ለመወሰን ከዓይን የውጭ ጥግ ቀጥታ ወደ ታች፣ ከአፍንጫ ክንፍ ደግሞ ቀጥታ ወደ ጎን ሁለት መስመሮች አስበው የሚገናኙበትን ይውሰዱ።

ወደ ኦሲቲና ኮንፎካል ስመጣ፣ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ማግኘት ከቻሉ እኔ ብሆን ኮንፎካሉን እመርጣለሁ። ኦሲቲ አልትራሳውንድ በድምፅ የሚያደርገውን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያደርግ መሣሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ገባ፣ ቆዳ ላይ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ጥልቀት ያያል፣ የኤፒደርሚስን ውፍረትና የደም ሥሮችን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ግን ወደ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ዘልቆ እያንዳንዱን ሕዋስ ያሳያል፤ ምስሉም ቆዳውን ከላይ ወደ ታች የሚቆርጥ ሳይሆን እንደ እንጀራ ንጣፍ በንጣፍ የሚገልጥ ነው። በኮንፎካል ምስል ላይ ደምቆ የሚታየው ሜላኒን ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በጠይም ቆዳ ላይ የኤፒደርሚስና የደርሚስ ወሰን እንደ ደማቅ ቀለበት ተከብቦ ይታያል፣ ዕድሜ ሲገፋ ይህ ወሰን እየተዘረጋ ስለሚሄድ ቀለበቶቹ ይቀንሳሉ፣ ቅርጻቸውም ይፈርሳል። ፊት ላይ ቀለበቶቹ ከሌላው ገላ ያነሱ ስለሆኑ በፀጉር መውጫ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ቦታ መርጦ መቁጠር ያስፈልጋል። ወጣት ቆዳ ላይ ቀጫጭንና መረብ የሚመስሉ የኮላጅን ክሮች ይታያሉ፤ በፀሐይ ያረጀው ላይ ግን ተጠቅልለው፣ ተጓጉለውና ወፍረው ይገኛሉ። እነዚህን ስያሜዎች ያወጡት በጣሊያን ሞዴና አካባቢና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ዝርዝሩን እንዳለ ተቀብለው ከመሙላት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ምስሎችዎ ላይ የትኛው ምልክት በእኛ ሴቶች ላይ እንደሚነበብና የትኛው በሜላኒን ድምቀት እንደሚሸፈን ይፈትሹ። ይህ ፍተሻ ብቻውን ሊታተም የሚገባው ሥራ ይመስለኛል።

ካሜራውን አቅልለው አይዩት። በሌንሱና በመብራቱ ላይ ሁለት የፖላራይዘር ማጣሪያዎችን በመስቀል አቅጣጫ ሲያስቀምጡ የቆዳው የላይ ወዝ ከምስሉ ይጠፋል፣ ከውስጥ ያለው የቀለም መዥጎርጎርና መቅላት ይወጣል፤ ማጣሪያዎቹን ትይዩ ሲያደርጓቸው ደግሞ የላዩ መስመርና መሸብሸብ ጎልቶ ይታያል። ሁለቱንም ያንሱ። ጠይም ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ መሸብሸብ ነጭ ቆዳ ካላቸው በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ እንደሚመጣ የቆዳ ሐኪሞች በተደጋጋሚ አስተውለዋል፤ እርጅናው ቀድሞ የሚታየው በቀለም ላይ ነው፣ ማድያት፣ የጠቆሩ ነጠብጣቦች፣ በጉንጭና በዓይን ዙሪያ የሚፈሉ ትንንሽ ጥቁር እብጠቶች። በመሸብሸብ ላይ የተመሠረተ መመዘኛ ብቻ ይዘው ቢሄዱ የ50 ዓመቷን ሴት «አላረጀችም» ብለው ይመዘግባሉ፤ እሷ ግን በመስታወት ያየችው ማድያቷ ነው አሳስቧት የመጣችው።

የቆዳ ቀለምን ለመመዝገብ ቆዳን በስድስት ዓይነት የሚመድበውን የፊትዝፓትሪክን መለኪያ ብቻ እንዳይጠቀሙ እመክራለሁ። መለኪያው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲነደፍ ዓላማው ነጭ ሰው ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደሚቃጠል ማወቅ ነበር፣ ጠቆር ላሉት የተሰጡት ደረጃዎች በኋላ የተጨመሩ ናቸው፤ ተሳታፊዎችዎ በአብዛኛው በሁለት ወይም በሦስት ደረጃዎች ብቻ ውስጥ ታጭቀው ይቀራሉ። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ካገኙ የብርሃንነቱንና የቢጫነቱን ልክ ወስደው በዲግሪ የሚሰላውን የቆዳ ቀለም ማዕዘን ይጠቀሙ፤ ከ10 እስከ ከዜሮ በታች 30 ያለው ቡናማ፣ ከዚያ የሚያንሰው ጥቁር ተብሎ ይመደባል። ልኬቱን ከክንዱ የውስጥ ገጽ ይውሰዱ፤ የፊቱ በፀሐይ ተለውጧል።

አሁን ወደሚያስቸግረው ነገር ደረስኩ፤ እሱም ዕድሜ ራሱ ነው። ጥናትዎ በአንድ በኩል ማይክሮሜትር እየለካ በሌላ በኩል «አርባ አምስት ይሆነኛል» የሚል መልስ ከተቀበለ ሚዛኑ ተሰበረ ማለት ነው። በዕድሜ የገፉ እናቶቻችን የልደት ቀናቸው ብዙ ጊዜ ስላልተመዘገበ የሚናገሩት ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያበቁ ቁጥሮች ላይ ይከማቻል። ወረቀት ካለ ይመልከቱ፣ ከሌለ ደግሞ ክስተት እየጠሩ ይጠይቁ፤ በ1966ቱ አብዮት ጊዜ ልጅ ነበሩ ወይስ ኮረዳ፣ በ1977ቱ ድርቅ የስንተኛ ልጅ እናት ነበሩ፣ የመጀመሪያ ልጅዎ አሁን ስንት ዓመቱ ነው። የተገኘውን ዓመት በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደጻፉት ቅጹ ላይ ያስፍሩ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት አንድን ሴት ከአንድ የዕድሜ ክፍል ወደ ሌላው ያሻግራታል።

ፀሐይን በተመለከተ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለች አይርሱ፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ በብዙዎቹ የዓመቱ ወራትም እኩለ ቀን ላይ የጨረሩ መለኪያ (የዩቪ ኢንዴክስ) ከ10 በላይ ነው። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል። «ፀሐይ ላይ ይውላሉ?» የሚል ጥያቄ መልስ አያወጣም፤ በቀን ስንት ሰዓት ደጅ እንደምትሠራ፣ ጃንጥላ ትይዝ እንደሆነ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ታወርድ እንደሆነ፣ ከየት አገር መጥታ ስንት ዓመት እንደኖረች ይጠይቁ። ጭሱን ይጨምሩ። በጀርመን የሩር አካባቢ ከ70 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው 400 ሴቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት፣ ከትራፊክ የሚወጣ ጥላሸት ከፍ ባለበት የሚኖሩ ሴቶች ግንባርና ጉንጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ 20 በመቶ ያህል በዝቶ አግኝቷል። የማገዶ ጭስ ከትራፊክ ጥላሸት ጋር አንድ ባይሆንም፣ ለስንት ዓመት በማገዶ፣ ለስንት ዓመት በኤሌክትሪክ ምጣድ እንደጋገረች መጠየቅ የጀርመኖቹ ተመራማሪዎች ያላስፈለጋቸው፣ እርስዎ ግን ሊዘሉት የማይገባ ጥያቄ ነው።

ክሬምም አለ። ፊታቸውን ለማንጣት ብለው ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ወራትና ዓመታት የሚቀቡ ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ስቴሮይድ ደርሚስን ያሳሳል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ በምስል ላይ የ35 ዓመቷን ሴት የ60 ያስመስላታል። «ስቴሮይድ ተጠቅመሻል?» ብትባል አታውቀውም፤ የምትቀባውን ቱቦ ሁሉ ይዛ እንድትመጣ ያድርጉ፣ ሳትሸማቀቅ እንድታወጣውም ነርሷ ብትቀበላት ይሻላል። በመጨረሻም በግንባር፣ በጉንጭና በአገጭ ላይ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ይመጣሉ። የንቅሳቱ ቀለም ደርሚስ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ የምስሉን ንባብ ያዛባል፤ ተሳታፊዋን ሳያሰናብቱ ንቅሳት የሌለበትን ተመሳሳይ ቦታ በሌላው ጉንጭ ላይ ይለኩ፣ ይህንንም ይመዝግቡ።

ማረጥን ከዕድሜ ለመለየት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ከ45 እስከ 54 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ የወር አበባ የሚያዩና ያቆሙ፣ ዕድሜያቸው ግን እኩል የሆነ ሴቶችን በርከት አድርጎ መያዝ። ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቆዳ እስከ 30 በመቶ ኮላጅኑን ያጣል የሚለው በየጽሑፉ የሚጠቀስ ቁጥር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር እነ ብሪንካት ከሠሯቸው ሥራዎች የመጣ ነው፤ ናሙናው ግን የተወሰደው ከጭን እንጂ ከፊት አይደለም። ስለዚህ ለፊት እንደ ተረጋገጠ አድርገው በመግቢያዎ ላይ አይጻፉት።

ጥናትዎ በአንድ ወቅት የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች የሚያነጻጽር ስለሆነ ሊደመደም የሚችለውም ውስን ነው። የዛሬዋ የ65 ዓመት ሴት ልጅነቷን በገጠር፣ በማገዶና ያለ ጥላ ያሳለፈች ስትሆን የዛሬዋ የ25 ዓመት ወጣት ቢሮ ውስጥ ያደገች ልትሆን ትችላለች፤ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት የዕድሜ ብቻ ሳይሆን የዘመንም ነው። «ቆዳ በየዓመቱ ይህን ያህል ይለወጣል» ከማለት «በዕድሜ የገፉት ሴቶች ላይ ይህን ያህል ልዩነት ታየ» ማለት ይበልጥ እውነት ነው።

ምስሎቹን የሚያነብ ሰው የተሳታፊዋን ዕድሜ ማወቅ የለበትም፤ የፊት ፎቶግራፉ ዕድሜን ስለሚናገር የአልትራሳውንዱንና የኮንፎካሉን ምስል ከፎቶው ለይተው በቁጥር ብቻ ይስጡት። ፎቶግራፉ ማንነትንም ስለሚገልጥ ለጥናቱ መፍቀድና ፎቶው እንዲታተም መፍቀድ በሁለት የተለያዩ ፊርማዎች ይሁኑ፤ ዓይንን በጥቁር መስመር መሸፈን በሠፈሯ የምትታወቅን ሴት አይደብቃትም።

የተሳታፊውን ቁጥር አሁን አይወስኑ። መጀመሪያ አሥር ሴቶችን ጉንጭና ክንዳቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ፕሮቡን አንስተው ጄሉን ጠርገው እንደገና በመቀባት ይለኩ፤ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት እነዚያኑ አሥሩን ይድገሙ። ከአንዷ ሴት ወደ ሌላዋ ያለው ልዩነት በአንዷ ላይ ከሚደጋገመው ልኬት ልዩነት በግልጽ የማይበልጥ ከሆነ ስህተቱ እጅዎ ላይ ነው፣ ወደ ጄሉና ወደ ፕሮቡ አያያዝ ይመለሱ። የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ከእነዚሁ አሥር ሴቶች የሚገኘውን ልዩነት ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ይስጡት፤ የሚያስፈልግዎትን ቁጥር ከዚያ ያሰላልዎታል፣ ኮንፎካሉም የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው።